የአሥራት ቁና

«ሙያህ ምንድን ነው?» ለሚለኝ ሰው «የልማት ምጣኔ ሀብት መምህር ነበርኩ» ብዬ ስመልስ ጠያቂዬ ብዙውን ጊዜ ፈገግ ይላል። «ታዲያ ልማቱ የት ደረሰ?» የምትል ነገር ከፈገግታው ኋላ ተደብቃለች። ወጣት ሳለሁ ይህች ጥያቄ ታናድደኝ ነበር፤ ስለ ዓለም የቡና ዋጋ፣ ስለ ድርቅ፣ ስለ ጦርነት እየዘረዘርኩ ሰውየውን አሰለቸው ነበር። አሁን እውነቱን እናገራለሁ። እኔ በዕድሜዬ ያለማሁት ነገር የለም። የሠላሳ ዓመት ሥራዬ መለካት ነበር። ገበሬው ስንት አመረተ፣ ስንት በላ፣ ስንት ሸጠ፣ ስንት ተበደረ እያልኩ ስለካ ኖርኩ። ከለካሁት ሁሉ ደግሞ ከሐሳቤ የማይወጣው አንዱ የተሳሳትኩት ነው።

ለነገሩ መለካት የጀመርኩት ዩኒቨርሲቲ ሳልገባ ነው። በታኅሣሥ 1967 ዓ.ም. በ«ዕድገት በኅብረት» ዘመቻ ከ50 ሺህ በላይ ተማሪና መምህር ወደ ገጠር ሲላክ የ12ኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። የካቲት 25 ቀን የገጠር መሬት አዋጅ ወጣ፤ ለአንድ ቤተሰብ የሚደርሰው መሬት ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ የሚል። ሄክታር የተባለውን እኛ ዘማቾቹ በደብተር እንጂ በዓይናችን አይተነው አናውቅም። ገበሬው ስሙንም አልሰማም፤ እሱ የሚያውቀው ጥማድን ነው። አንድ ጥማድ ማለት ሁለት በሬ ተጠምዶ በአንድ ቀን የሚያርሰው መሬት ነው፤ በሬው ከሲታ፣ አፈሩም ጭንጫ ከሆነ ጥማዱ ያንሳል። እኛ ገመድ ገዝተን፣ በየአምስት ሜትሩ ቋጥረን መለካት ያዝን። አንድ ሽማግሌ ሁለት ቀን ሙሉ ሲከታተሉን ቆዩና «ልጆቼ፣ ገመዳችሁ ጤዛ ሲነካው ያጥራል። ማለዳ የተለካለትና ከቀትር ወዲያ የተለካለት ሰው እኩል አያገኝም» አሉን። ሳቅን። ማታ ድንኳን ውስጥ ሆነን እንደገና እያነሳን ሳቅን።

ዘመቻው አልቆ ዩኒቨርሲቲው ሲከፈት ምጣኔ ሀብት ገባሁ። በዚያን ዘመን የምንማረው በአመዛኙ የፖለቲካ ኢኮኖሚ ነበር፤ ፈተናውን ለማለፍ የሚያስፈልገውን ሁሉ ሸምድጄ አለፍኩ። ኋላ ለዶክትሬት ባሕር ማዶ ስሄድ ደግሞ አርተር ሉዊስን ተማርኩ። ሉዊስ እ.ኤ.አ. በ1954 ባወጣው ጽሑፍ፣ በገጠር የተትረፈረፈው ጉልበት ወደ ዘመናዊው ክፍለ ኢኮኖሚ እየተሳበ አገር እንዴት እንደሚያድግ ያስረዳል። ሲያነቡት የሚያረካ ነው፤ አንዱ ነገር ሌላውን እየጎተተ ይሄዳል። እኚህ ሰው ጋና ነፃ በወጣች ማግሥት የንክሩማ መንግሥት አማካሪ ሆነው ሄደው ነበር፤ ከመሪው ጋር ሳይግባቡ ብዙም ሳይቆዩ ተመለሱ። ይህችን ለተማሪዎቼ ሳልነግር አልፌ አላውቅም። ፈተና ላይ ግን አላወጣትም።

አገሬ የተመለስኩት በ1985 ዓ.ም. ነው። በዚያው መስከረም አንድ የአሜሪካ ዶላር ከ2 ብር ከ7 ሳንቲም ተነስቶ 5 ብር ገባ። እኔ ክፍል ውስጥ የምንዛሪ ተመን ማስተካከል ለላኪዎች ስለሚያመጣው ጥቅም አስተምራለሁ፤ ከክፍል ስወጣ ደግሞ በወር ደመወዜ ስምንት መጽሐፍ እገዛለሁ ብዬ ያሰላሁት ሦስት ሆኖ ቆየኝ። ለአርባ ተማሪ ሁለት ቅጂ ነበረን። ተማሪዎቹ ምዕራፍ በምዕራፍ ገነጣጥለው ተከፋፍለውት አንድ ቀን መጽሐፉን ሙሉውን ሳልም አደርኩ።

የገጠር ጥናት የተሟሟቀው በዚያው ሰሞን ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢኮኖሚክስ ትምህርት ክፍል ከኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ በ15 ገበሬ ማኅበራት ወደ 1,500 የሚጠጉ ቤተሰቦችን መጠየቅ ጀመረ፤ እነዚያኑ ቤተሰቦች እየተመላለሱ እስከ 2009 ድረስ ጠይቀዋቸዋል። በአፍሪካ እንዲህ ያለ ረጅም ክትትል እንደ ልብ አይገኝም። እኔ የምተርከው ግን ስለዚያ ጥናት አይደለም። በዚያው ዘመን፣ በ1987 ዓ.ም.፣ ራሴ ስለመራሁት አንድ አነስተኛ ጥናት ነው፤ ጥፋቱም የራሴ ነው።

ከቀበሌዎቻችን አንዷ ጎጃም ውስጥ፣ ከቢቸና ብዙም ያልራቀች፣ ጤፍ አብቃይ ነበረች። መረጃ ሰብሳቢያችን 12ኛ ክፍልን ጨርሶ ሥራ ያጣ የቢቸና ልጅ ነው። ቀጭን፣ ቁጥብ፣ ጽሕፈቱ የቁም ጸሐፊ የሚመስል። መጠይቁ በሳምንት ውስጥ ቤት የተበላውን ሁሉ ይጠይቃል። ገበሬው በቁና ይናገራል፤ እኛ በኪሎ እንመነዝራለን፤ ኪሎውን ወደ ካሎሪ እንለውጣለን። መመንዘሪያ ሠንጠረዥ ነበረን። አንድ ቁና ጤፍ 5 ኪሎ ይላል።

የልጁ መጠይቆች ኮምፒዩተር ሲገቡ ጉድ ታየ። ስድስት ነፍስ ያለበት ቤት በሳምንት ሁለት ቁና ጤፍ በላ፤ ሽሮውም በርበሬውም ተደምሮ ለአንድ ሰው በቀን ከአንድ ሺህ ካሎሪ ብዙም አላለፈ። ለአዋቂ ሰው ድህነትን ስንለካ የምንይዘው 2,200 ነው። አንድ ቤት ቢሆን ባልደነቀኝ፤ ቀበሌው በሞላ እንዲሁ ነው። ዘመኑ ደግሞ ጥጋብ ነበር። ልጁ ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ሞላው አልኩ። ደብረ ማርቆስ አስጠራሁት።

«ይህን ቁጥር ከየት አመጣኸው?»

«ከሰዎቹ ነው፣ ጋሼ።»

«በዚህ ምግብ ሰው ይኖራል?»

ጥቂት አሰበና «እነሱ ያሉኝን ነው የጻፍኩት» አለ።

«የተባለውን አይደለም የጠየቅሁህ። ይኖራል ወይ ነው ያልኩህ።»

ምን ይመልስልኝ? እኔ ዶክተር ነኝ፤ ሠንጠረዥ ይዣለሁ። በዕለቱ አሰናበትኩት፤ የቀረውን የሁለት ወር ክፍያ አስቀረሁበት። «መረጃ በመፈብረክ» የሚል ደብዳቤም ለወረዳው በግልባጭ አደረስኩ። ሲወጣ የሥራ ልምድ ወረቀት ይሰጠኝ እንደሆነ በትሕትና ጠየቀ። አልሰጥም አልኩ። ቀበሌዋን ከስሌቱ አውጥቼ ጽሑፉን አሳተምኩ፤ በእሱም የማዕረግ ዕድገት አገኘሁ። አንዲት ቀበሌ የት ገባች ብሎ የጠየቀኝ አልነበረም።

በሚቀጥሉት ዓመታት ለተማሪዎቼ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ያሳተመውን የድህነትና የረሃብ መጽሐፍ አስተማርኩ። አንዱ ምዕራፍ የእኛው ወሎ ነው። ሰው በረሃብ ሲያልቅ ደሴ ገበያ ላይ የእህል ዋጋ ያን ያህል አልናረም፤ እንዲያውም እህል ከወሎ እየወጣ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ ይጫን ነበር፤ ገበሬው ያጣው መግዣውን ነው ይላል። ከንባባችን ውስጥ ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም በገጠሩ ሕዝብ ለረሃብ መጋለጥ ላይ የጻፉትም ነበረበት። ክርክሩ ሲሟሟቅ ደስ ይለኝ ነበር። «ከቁጥሩ ኋላ ያለውን ሰው እዩ» እያልኩ ጠረጴዛ እደበድብ ነበር። አሁን ሳስበው ፊቴ ይቀላል።

በ1989 ዓ.ም. ክረምት ናይሮቢ ሄጄ ነበር። የአፍሪካ የኢኮኖሚ ምርምር ጥምረት የተባለው፣ እ.ኤ.አ. በ1988 የተቋቋመው ድርጅት፣ ከብዙ የአፍሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የማስተርስ ተማሪዎችን ሰብስቦ በአንድነት ያስተምር ነበር። እንደዚያ ያለ ክፍል ከዚያ በፊትም በኋላም አልገጠመኝም። የማላዊው፣ የጋናው፣ የታንዛኒያው ልጅ ጎን ለጎን ተቀምጦ ስለ አገሩ ሲከራከር መስማት መታደል ነው። አንድ ከሰዓት ስለ ፍጆታ ጥናት ሳስረዳ፣ ኬንያዊቷ ጎሮጎሮ ስለሚባለው የበቆሎ መስፈሪያ ጣሳ አነሳች። ጋናዊው ኦሎንካን ጠርቶ እንዲህ አለ፦ «ጣሳው አንድ ነው፤ እናቴ ስትሸጥና ስትገዛ ግን የምትከምረው እኩል አይደለም። እርስዎ የትኛውን ነው የሚመነዝሩት?» ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ስቄ ስለ አማካይ አንድ ነገር ቀባጥሬ አለፍኩ። ማታ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ያ ልጅ፣ ያ ቁጥብ የቢቸና ልጅ፣ ፊቴ ላይ ተደቀነ።

አዲስ አበባ እንደገባሁ መጋዘን ወርጄ ካርቶኑን አስከፈትኩ። አይጥ ጥጉን በልቶታል፤ መጠይቆቹ ግን ደህና ነበሩ። በእያንዳንዳቸው የምግብ ገጽ ላይ፣ በኅዳጉ፣ በእርሳስ «ት.ቁ.» የምትል ነገር አለች። ያኔም ዓይቻታለሁ። የመረጃ አስገቢዋ ልጅ «ይኼ ኮድ የለውም» ብላኝ «ዝለይው» ብያታለሁ።

በጥር 1990 ዓ.ም. ከአዲስ ከተማ ተንጠልጣይ ሚዛን ገዝቼ ወረድኩ። ከመጠይቁ ቤቶች ወደ አንዱ ገባሁ፤ አንዲት አሮጊት ብቻቸውን አገኘሁ። «እማማ፣ ቁና ያሳዩኝ» አልኳቸው።

«የቱን ልጄ? የገበያውን ነው የቤቱን?»

ሁለቱንም አወጡ። የገበያው ትንሽ ነው፤ በጤፍ ሞልተን ስንሰቅለው ሠንጠረዡ እንዳለው 5 ኪሎ ገደማ መዘነ። የቤቱ ጠርዙ በቆዳ የተለበጠ፣ ጢስ ያጠቆረው አሮጌ ቁና ነው። ሰባት ኪሎ ተኩል።

«ይህ ምነው እንዲህ ተለቀ?»

«የአሥራት ቁና ነዋ! አባቴ አሥራት የሚሰፍርበት ነው። ሰፋሪው እየመጣ ትንሽ ነው፣ ትንሽ ነው እያለ እናቴን አሰፍቶ አሰፍቶ እዚህ አደረሰው። አሥራቱ ቀረ፤ ቁናው ቤት ቀረ። እኛም ለአሻሮም ለቡኮም በሱው እንሰፍራለን።» ሚዛኑን አየት አደረጉና «አሁን ደግሞ አንተ ምን ልታስገባን ነው?» ብለው ሳቁ።

ትልቅ ቁና። ት.ቁ.።

በሳምንት 10 ኪሎ ያልኩት 15 ኪሎ ነበር። በዚያ ላይ መጠይቃችን ወንዶቹ ደቦ ላይ የሚበሉትን፣ የማኅበሩንና የሰንበቴውን ማዕድ አልጠየቀም፤ ጊዜው ደግሞ አጨዳ ነበር። ሁሉም ተደምሮ ቢሰላ ሰዎቹ አሁንም 2,200 አይደርሱም፤ ድሆች ነበሩ። ልጁ የጻፈው ግን እውነት ነበር። በኋላ ባሳተምኩት ሌላ ጽሑፍ ቀበሌዋን መለስኳት፤ ከገጹ ግርጌ «የአካባቢ መስፈሪያ ልዩነት ተስተካክሏል» የምትል አንድ መስመር አስገባሁ። ማን እንዳስተካከለው አልጻፍኩም። ይህም ሌላ ጥፋት ነው፤ ያኔ ግን የሳይንስ ወግ መስሎኝ ነበር።

በዚያው ጉዞ ቢቸና ገብቼ ልጁን አፈላለግሁ። ቤታቸው ጠላ ቤት ነው። እናትየው ገና ጠና ያለች ሴት ነች፤ ማንነቴን ስነግራት ጣሳ የምታጥብበትን እጇን በቀሚሷ ጠረገች እንጂ ፊቷ አልተለወጠም።

«የለም» አለች። «ሁመራ ሰሊጥ አጨዳ ከሄደ ሁለት ዓመቱ። ቀበሌ ጸሐፊነት ተወዳድሮ ነበር፤ ደብዳቤ አለብህ አሉት።»

«እትዬ፣ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ» አልኳት። ያስቀረሁበትን የሁለት ወር ክፍያ በፖስታ አድርጌ ይዤ ነበር፤ ዘረጋሁላት። ተቀብላ ሳትቆጥረው መደቡ ላይ አኖረችው።

«ወረቀቱንስ?» አለች። «ያን ጊዜ የለመነዎትን ወረቀት።»

ከማስታወሻ ደብተሬ ገጽ ቀድጄ እዚያው ጻፍኩ። በ1987 ዓ.ም. በጥናቱ በመረጃ ሰብሳቢነት ማገልገሉን፣ ሥራውን በትጋትና በጥንቃቄ መሥራቱን፣ የቀድሞው ደብዳቤ በስህተት የተጻፈ መሆኑን። ለወረዳውም በማኅተም እንደምልክ ነገርኳት፤ ልኬያለሁም። ወረቀቱን ስሰጣት መልሳ ሰጠችኝ።

«እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። ያንብቡልኝ።»

አነበብኩላት። ጠላ የያዙት ሰዎች ዝም ብለው ያዳምጣሉ።

«ውሸታም አይደለም የሚል አለበት?» አለች።

አልነበረበትም። ብዕሬን አውጥቼ ከፊርማዬ በላይ ጨመርኩ።