የስልሳ ቀን ሂሳብ



ደጃፋችሁ ላይ ያለ ነገር አንድ ቀን ይርቀኛል ብላችሁ ሰግታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አልሰጋሁም ነበር። ከቤተሰቤ ጋር ጅዳ ዘጠኝ ዓመት ኖሬያለሁ። ከጅዳ መካ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ለእኛ ለአሰላ ሰዎች አዳማ ደርሶ እንደመምጣት ማለት ነው። ሆኖም በእነዚያ ዘጠኝ ዓመታት ልጆቼን ይዤ መካ የሄድኩባቸው ቀናት በአንድ እጅ ጣቶች ይቆጠራሉ። መዲና የወሰድኳቸው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ያኔ ትንሿ ልጄ ገና አልተወለደችም። ሲጠይቁኝ መልሴ «ኢንሻአላህ፣ በሚቀጥለው ዕረፍት» ነበር። ይህን ታላቅ ቃል ለማዘግየት ስንጠቀምበት ምን ያህል እንደምንበድለው አስባችሁ ታውቃላችሁ?

ሥራዬ ሂሳብ ነው። እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2017 ጀምሮ በሳዑዲ ዐረቢያ የሚሠራ የውጭ አገር ሰው አብሮት ለሚኖር ለእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል በወር 100 ሪያል እንዲከፍል ተደነገገ። ክፍያው በየዓመቱ መቶ መቶ እየጨመረ በ2020 ወደ 400 እንደሚደርስም አስቀድሞ ተነግሮ ነበር። ባለቤቴና ሦስት ልጆቼ አራት ናቸው። በ2018 መጨረሻ በወር 800 እከፍል ነበር፤ ቀጥሎ 1,200፣ ከዚያም 1,600 ሊሆን ነው። ደመወዜ ግን ባለበት ቆሟል። ብደምረው ብቀንሰው መልሱ አንድ ሆነ፦ እነሱ ወደ አሰላ ይመለሱ፣ እኔ ልቅር።

ሐበሻው በአጭሩ «ኹሩጅ» የሚለው የመጨረሻ መውጫ ቪዛ ወጣ። ዕድሜው ስልሳ ቀን ነው። እኔ የማስበው ስለ ካርቶን፣ ስለ ብርድ ልብስና ስለ ጭነት ኪሎ ነበር። ባለቤቴ ግን፣ «እናትህ መዲናን ንገሩኝ ሲሏቸው ልጆቹ ምን ሊነግሯቸው ነው? የገበያ አዳራሹን?» አለችኝ። እናቴ ካዕባን ለማየት ስትመኝ ያረጀች ሴት ነበረች። መልስ አጣሁ፤ በዚያው ሳምንት መጨረሻ ጉዞ ጀመርን።

መካ ሄደን ዑምራ አደረግን። መዲና ሁለት ሌሊት አደርን። በቁባእ መስጂድ ሰገድን፤ በኡሑድ ተራራ ሥር ቆመን ሐምዛን (ረ.ዐ.) ጨምሮ ለሰባዎቹ ሸሂዶች ሰላምታ አቀረብን። ከዚያ በጠመዝማዛው የሀዳ መንገድ ወደ ጣኢፍ ወጣን። ወሩ ጥር ነበርና ብርዱ ልጆቹን አንቀጠቀጣቸው። «አሰላ እንዲህ ናት ባባ?» ሲሉኝ፣ «ከዚህም ከፍ ትላለች» አልኳቸው። በዚያች ከተማ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) በድንጋይ ተወግረው እግራቸው መድማቱን፣ ከዚያም ዐዳስ የተባለ ክርስቲያን ባሪያ ወይን ይዞላቸው መምጣቱን ነገርኳቸው። ይህን ታሪክ ከዚያ በፊት ለልጆቼ አንድ ቀን እንኳ አውርቼላቸው አላውቅም ነበር።

የመጨረሻው ጉዟችን ከጅዳ በስተደቡብ ወዳለችው ሹዐይባ ነበር። ዛሬ የባሕር ውሃ የሚጣራበትና ኤሌክትሪክ የሚመነጭበት ስፍራ ነው። «እዚህ ምን አለ ባባ?» አለ ትልቁ ልጄ። እውነቱን ነው፤ ከአሸዋና ከባሕር በቀር ምንም አይታይም። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ615 የመጀመሪያዎቹ ሙሃጂሮች፣ ዑስማን (ረ.ዐ.) ከባለቤታቸው ከሩቀያ (ረ.ዐ.) ጋር ሆነው፣ ወደ ሐበሻ ምድር የተሳፈሩት ከዚህች ወደብ ነበር።

መካከለኛዋ ልጄ ጅዳ ተወልዳ ያደገች ናት። «ወደማላውቀው አገር አልሄድም» ብላ ብዙ ሌሊት አልቅሳለች። ባሕሩን ስታይ ቆየችና፣ «እነሱም አገራችንን አያውቁትም ነበር?» አለችኝ።

«አያውቁትም ነበር።»

«ፈርተው ነበር?»

እኔ ዝም አልኩ። ባለቤቴ መለሰችላት፦ «ፈርተው ይሆናል። ግን በአላህ ተማምነው ሄዱ።» ከዚያ ቀን በኋላ ልጄ ስለ ጉዞው አላለቀሰችም። ቤተሰቤን የሸኘሁ ዕለት አውሮፕላን ጣቢያ ያለቀስኩት እኔ ነበርኩ።

ወደ ባዶው ቤት ተመልሼ የጉዞዎቹን ወጪ ደመርኩት። የሦስት ወር ክፍያችንን እንኳ አልሞላም። ለካ ዘጠኝ ዓመት ያሰረኝ ገንዘብ አልነበረም!

ውድ አንባብያን! ሂሳቡ በዚህ ቢዘጋ ደስ ባለኝ። እናቴን «በሚቀጥለው ዓመት ለዑምራ አመጣሻለሁ» እያልኩ ስንት ዓመት አሳልፌያለሁ! ከልጆቹ ጉዞ በኋላ ተጸጽቼ ለ2020 ረመዷን ቆረጥኩ፤ ፓስፖርትም አወጣች። በዚያው ዓመት የካቲት መጨረሻ በኮሮና ምክንያት ዑምራ ታገደ። እናቴ መንገዱ ሳይከፈት ወደ አኼራ ሄደች። አላህ ይዘንላት። ዑምራ ዳግም ሲፈቀድ በእሷ ስም አደረግሁላት፤ እጇን ይዤ ዞርኩ ማለት ግን አይደለም።

ባለቤቴ እንደነገረችኝ፣ እናቴ በመጨረሻዎቹ ወራት ማታ ማታ ልጆቹን አጠገቧ አስቀምጣ «እስቲ ኡሑድን ንገሩኝ» ትላቸው ነበር። የተናገሩትን ደግማ ታስነግራቸዋለች። የእናቴ የመዲና ጉዞ ያ ብቻ ነበር፤ እሱንም ያገኘችው ከስልሳዋ ቀን ነው።

እኔም በ2021 ጠቅልዬ ገባሁ። ዛሬ ጠዋት መስኮቴን ስከፍት ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለው ጭላሎ ፊት ለፊቴ ነው። በሥሩ ተወልጄ አድጌ አንድም ቀን አልወጣሁትም፤ ልጆቼ «መቼ ነው ባባ?» ይሉኛል። «ኢንሻአላህ» እላለሁ፤ አሁን ግን ቀኑን ቆርጬ ነው የምለው።

ቅዱስ ቁርኣን በምድር ላይ እንድንጓዝና እንድናስተውል ደጋግሞ ያዘናል። እናንተስ ከደጃችሁ ያለውን መስጂድ፣ ተራራውን፣ «ለዒድ እመጣለሁ» ያላችኋቸውን እናት ለመቼ ቀጠራችኋቸው? የሁላችንም ኹሩጅ ወጥቷል፤ የተጻፈበትን ቀን ግን አናየውም። አላህ (ሱ.ወ.) በቀረችን ዕድሜ የምንጠቀም ያድርገን። አሚን!