፪ ቁጥር ነው?

ፓይተንን «፪ ዲጂት ነው?» ብላችሁ ብትጠይቁት «አዎ» ይላችኋል። «እሺ፣ ወደ ቁጥር ቀይረው» ስትሉት ግን ስህተት አውጥቶ ይቆማል። የመጀመሪያው ጥያቄ ኢዝዲጂት፣ ሁለተኛው ኢንት ይባላል። መጀመሪያ ሳየው ሳቄ መጣ። ሰው ፎርም ላይ የሞላውን ዕድሜ በአንዱ አጣርቶ በሌላው የሚቀይር ኮድ ትዝ ሲለኝ ግን ሳቄን ተውኩት።

ነገሩ የፓይተን ጥፋት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 ፊደላችንን ሲያስገባ ቁጥሮቹንም አብሮ አስገብቷል። ከ፩ እስከ ፱ ያሉትን «ዲጂት» ይላቸዋል፤ «ዴሲማል» ግን አይላቸውም። ምክንያቱም የግዕዝ ቁጥር ዜሮ የለውም። አስር የራሱ ምልክት አለው፣ ሃያም፣ መቶም። 12 ለመጻፍ ፩ እና ፪ አናጣብቅም፤ ፲፪ ብለን ነው የምንጽፈው። ኢንት ደግሞ የሚቀበለው ዴሲማል የሆኑትን ብቻ ነው። ለዚህ ነው የአረብኛና የሂንዲ ቁጥሮችን ያለ ችግር እያነበበ የኛን የሚመልሰው። ፲ ጭራሽ ኢዝዲጂትንም አያልፍም፤ «ቁጥር ነው» የሚለው ኢዝኒዩመሪክ ነው።

የፓይተን ዶክመንቴሽን ይህን አልዘነጋውም። በአስር ቤት ቁጥር የማይመሠረትባቸው ዲጂቶች እንዳሉ ይናገራል። ምሳሌው ግን ኻሮሽቲ ነው፦ ድሮ በዛሬዎቹ ፓኪስታንና አፍጋኒስታን አካባቢ ይጻፍበት የነበረ፣ ከቀረ ብዙ መቶ ዓመታት ያለፉት ጽሕፈት። ምሳሌው ትክክል ነው። አንባቢው ግን «ይሄ የሙዚየም ነገር ነው» ብሎ ያልፈዋል። የግዕዝ ቁጥር ዛሬም ግድግዳ ላይ በተሰቀለ ካላንደር፣ በመጽሐፍ ቅዱስ ምዕራፎች ላይ አለ።

ምክንያቱ ያልተነገረው ዴቨሎፐር ስህተቱ ሲመጣበት ቀላሉን መንገድ ይይዛል፤ ከ0 እስከ 9 ብቻ ተቀብሎ ሌላውን ይከለክላል። እንዲህ እየሆነ ቁጥራችን ስክሪን ላይ ጌጥ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ዶክመንቴሽን ማስተካከል ኮድ መጻፍ ያልቻለ ሰው ሥራ የሚመስለን ብዙ ነን። እዚህ ጋ ግን የሚያስፈልገው ኮድ አይደለም፤ ሁለት መስመር ነው፦ «፪ ኢዝዲጂትን ያልፋል፣ ኢንትን ግን አያልፍም፤ ኢንት ከመጥራታችሁ በፊት በኢዝዴሲማል አጣሩ። የግዕዝ ቁጥር መቀበል ከፈለጋችሁ በዩኒኮድዳታ ውስጥ ያለው ኒዩመሪክ የእያንዳንዱን ምልክት ዋጋ ይሰጣችኋል።»

ይህን ለመጻፍ የቋንቋ ሊቅ መሆን አያስፈልግም። ካላንደሩ ቤቱ የተሰቀለ ሰው ይበቃል።