ለተማሪዬ ፊርማዬን የከለከልኩበት ምክንያት

ዛሬ ረዘም ያለ ነው፤ ቡናችሁን ይዛችሁ ቁጭ በሉ።

በቅርቡ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ደወለልኝ። ስሙንም የቢሮውንም ስም አልጠራም። ደቡብ ወሎ ውስጥ ሦስት ሆነው፣ በአንድ ቶታል ስቴሽን መሬት እየቀየሱ የጀመሩ ልጆች ናቸው። አሁን ዘጠኝ ሊሆኑ ነው። ከቅየሳ አልፈው የሕንፃ ዲዛይን፣ የመጠጥ ውሃ ጥናትና የግንባታ ቁጥጥር ሊጨምሩ አስበዋል። ደስ አለኝ፤ እውነቴን ነው።

ቀጠለና «ጋሼ፣ የፈቃዱ ደረጃ ከፍ እንዲል የእርስዎ ስም ብቻ ነው የጎደለን። መምጣት አይጠበቅብዎትም፤ ድርሻዎን በየወሩ እንልካለን» አለኝ።

«ስምህን አከራየኝ እያልከኝ ነው?» አልኩት። ዝም አለ። እምቢ አልኩት። ከዚያ ወዲህ ስልኬን አያነሳም።

በስልክ ያልጨረስኩትን እዚህ ልጨርሰው። እሱ ብቻ ሳይሆን ስንቶቻችሁ በዚህ መንገድ ላይ እንዳላችሁ አውቃለሁና።

መቅደላ አምባ የወጣንበትን ቀን የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። ሴባስቶፖል አጠገብ ተቀምጠን ዳቦ ስንቆርስ «ይሄን ማን ሠራው?» ብዬ ጠየቅኳችሁ። ሁላችሁም በአንድ ድምፅ «ቴዎድሮስ!» አላችሁ። «እሺ፣ ያቀለጠውና ያፈሰሰው እጅ የማን ነው?» ስል ዝም አላችሁ። ይህ ልጅ ያኔ ከመካከላችሁ ነበር።

ጋፋትን እንደ አንድ የምህንድስና ቢሮ እንያት እስቲ። ደብረ ታቦር አጠገብ ያለች መንደር ናት። የመጀመሪያዎቹ ሠራተኞች በስዊዘርላንድ ባዝል አቅራቢያ ካለ የሚስዮን ትምህርት ቤት የመጡ የእጅ ባለሙያዎች ነበሩ። እንደ ቫልድማየር ያሉት የመጡት ወንጌል ለመስበክ ነው። ንጉሡ ግን ከስብከቱ ይልቅ እጃቸውን ፈለጉት። ፖላንዳዊው ሞሪትዝ ሆልና ፈረንሳዊው ጠመንጃ ሠሪ ቡርጎም ተጨመሩ። ኢትዮጵያውያን ወጣቶችም አብረዋቸው ይሠሩ ነበር። በዛሬው ቋንቋ፣ ቡድኑ አደገ ማለት ነው።

አገልግሎቱም ሰፋ። መንገድ ጠረጉ፣ ሠረገላ ሠሩ። ከዚያ ንጉሡ መድፍ ጠየቁ። «እኛ ይህን አናውቅም» አሉ። «ሞክሩ» ተባሉ። ሞከሩ፣ ከሸፈ፤ ደግመው ሞከሩ፣ በመጨረሻ ተሳካ። አንዱ ሲሳካ የሚቀጥለው ትእዛዝ ከፊተኛው ይበልጥ ነበር። እንዲህ እንዲህ እያለ ወደ 7 ቶን የሚመዝነው ሴባስቶፖል ላይ ተደረሰ።

ንጉሡ ተጨማሪ ባለሙያም ይፈልጉ ነበር። በ1866 እ.ኤ.አ. ሚስዮናዊውን ፍላድን ወደ እንግሊዝ ልከው ባለሙያ አስጠየቁ። ባለሙያዎቹ ምጽዋ ድረስ መጡ። እንግሊዞች ግን እስረኞቻችን ሳይፈቱ አናሳልፋቸውም አሉ። ቅጥሩ እዚያው ቀረ።

በ1860 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ንጉሡ ከደብረ ታቦር ተነሱ። ያንን ብረት በሠረገላ እየጎተቱ መቅደላ ለመድረስ ወደ ስድስት ወር ፈጀባቸው። መንገድ ስለሌለ መንገዱ ከፊት ከፊት ይሠራ ነበር። የጂዳንና የበሽሎን ገደል ያያችሁ ምን ማለት እንደሆነ ትረዱኛላችሁ። ንጉሡ ራሳቸው ከሰዉ ጋር ድንጋይ ያነሱ ነበር። እኔን ሁሌም የሚገርመኝ ከመድፉ ይልቅ ይህ መንገድ ነው። በደጋማው ወሎ መንገድ ቀይሳችሁ የምታውቁ ያለ ድማሚትና ያለ ዶዘር ሞክሩት እስቲ ብላችሁ አትቀልዱም። የሚያሳዝነው፣ የናፒየር ጦርም ወደ መቅደላ ሲመጣ በዚሁ የንጉሡ መንገድ ተጠቀመ።

ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ንጉሡ ራሳቸውን ሠዉ። የውጭዎቹ ባለሙያዎችም ከእንግሊዝ ጦር ጋር ወጡ። ጋፋት በቃ፣ አለቀ። መድፉ አምባው ላይ ቀረ፤ ሁለተኛ መድፍ የሚያፈስ ግን አልቀረም።

በንጉሡ አልፈርድም። ጥበብን ለአገራቸው መራባቸው ልክ ነበር። ግን እንደ መሐንዲስ ስንመለከተው፣ ያ ቢሮ የነበረው ደንበኛ አንድ ብቻ ነው። ዕውቀቱም ነገ ሊሄዱ በሚችሉ ጥቂት ሰዎች ጭንቅላት ውስጥ ነበር። በየጊዜው ያደገው የሚሠራው ዕቃ ክብደት ነው። ያለ እነሱ መሥራት የሚችለው ሰው ቁጥር በዚያው ልክ አላደገም።

አሁን ወደ እኛ ልምጣ። እኔም በወጣትነቴ ስሜን አከራይቻለሁ። አዎ፣ እኔ። ቦታውን ሳላይ የአንድ ትምህርት ቤት የድጋፍ ግንብ ዲዛይን ላይ ፈረምኩ። ሥሌቱን የሠራው ልጅ ገና ከትምህርት ቤት የወጣ ነበር፤ የሚያርመው ሰው አልነበረውም። አራሚው እኔ ነበርኩ፣ እኔ ደግሞ ሌላ ከተማ ነበርኩ። አፈሩ ዋልካ ነው። ክረምት ሲገባ ውሃ ጠጣ፣ ውሃው መውጫ አልተሠራለትም። ግንቡ አንድ ሌሊት ወደ ሜዳው ተደፋ። ሌሊት መሆኑ እግዚአብሔር ይመስገን። ቀን ቢሆን ኖሮ ልጆቹ ጥላው ሥር ነበር የሚጫወቱት። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ስለዚህ ልጄ፣ እምቢ ያልኩህ ስላልወደድኩህ አይደለም። የተከራየ ስም ወረቀት ላይ ትልቅ ሆኖ ይታያል። ጥያቄ ሲመጣ ግን የሚመልስ ሰው ከኋላው የለም።

የምችለውን ልንገርህ። በወር ሁለት ቀን እመጣለሁ። አዲስ ከተቀጠሩት ሁለቱን ሲቪል መሐንዲሶች አጠገቤ አስቀምጥልኝ፤ ሥሌታቸውን መስመር በመስመር እናያለን፣ ቦታው ድረስ አብረን እንሄዳለን። ያየሁትንና ያረምኩትን ብቻ እፈርማለሁ። ለዚህ ከትራንስፖርት በቀር ክፍያ አልፈልግም። አንዳቸው በራሳቸው ስም ተመዝግበው መፈረም እስኪችሉ ድረስ ግን የሕንፃ ዲዛይኑን ከማስታወቂያችሁ አውጡት። ቅየሳውንና የውሃ ጥናቱን ያዙ፤ እሱን ታውቁታላችሁ። ዘጠኝ መሆኑም አይቸኩላችሁ፤ መጀመሪያ ሦስታችሁ የምታውቁትን ሌላ ሦስት ሰው ይወቀው።

ሥራ ያመልጠናል ትላለህ። አዎ፣ አንዳንዱ ያመልጣል። አብሽር።

ሌሎቻችሁም ስማችሁን የተጠየቃችሁ ካላችሁ ጻፉልኝ፤ በውስጥ መስመርም ይሁን። አንተ ደግሞ ይህን እንደምታነበው አውቃለሁ። ቅዳሜ ጠዋት እደውላለሁ፣ ስልክህን አንሳ።