እህቴን በስክሪን ስፈልጋት
መስከረም 16 ለደመራ ከአያቴ ጋር ከሽሮ ሜዳ እስከ አራት ኪሎ በታክሲ፣ ከዚያ በእግር መስቀል አደባባይ ሄድን። ታላቅ እህቴ ከሰንበት ትምህርት ቤት ጋር ስለምትዘምር እሷን ለማየት ነው። ፍተሻው ረጅም ስለነበር ከኋላ ቀረን። መዘምራኑ ከሩቅ የጤፍ ፍሬ ያክላሉ። አያቴ «ቴሌቪዥኑን እይ» አሉኝ። በ2013 ዓ.ም. አደባባዩ ሲታደስ የመጣውን ትልቁን ስክሪን ማለታቸው ነው።

እዚያ ላይ የከበሮ መቺው ጣት ሳይቀር ይታያል። የገረመኝ ግን እጁ ከመታ በኋላ ነው ድምፁ እኛ ጋ የሚደርሰው! ድምፅ ማጉያው ከፊት ነበር። ለካ በሳይንስ የተማርነው እውነት ነው፤ ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ብቻ ነው የሚሄደው። ለአያቴ ላስረዳቸው ስል «ዝም ብለህ ዜማውን ስማ» አሉኝ።

እህቴን ፈለግኳት። ጓደኞቿ ሁሉ አንድ ዓይነት ለብሰዋል። ካሜራው አንዷ ጋ ሲቆም «እሷ ናት!» እላለሁ፤ አይደለችም። ደመራው ተለኩሶ ጭሱ እስኪወጣ አላየኋትም።

ማታ እግሯን በሙቅ ውሃ እየታጠበች «አየኸኝ?» አለችኝ።

«አዎ፣ በትልቁ ስክሪን» አልኳት። በጣም ደስ አላት። ደግነቱ ይህን መጽሔት አታነብም።