ሆድ ሲብስ

መቼም አማርኛችን ለሆድ የሰጠውን ሥልጣን ለልብም አልሰጠ። ስናዝን ሆዳችን ይብሳል፤ ስንራራ ሆዳችን ይባባል፤ ስንናፍቅ ሆዳችን ባር ባር ይላል፤ መናገር ያቃተንን ደግሞ «ሆድ ይፍጀው» ብለን እንዘጋበታለን። ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ይህን ስል ተማሪዎቼ ይስቁ ነበር። አሁን አሁን ግን እኔን አያስቀኝም። ሐዘንና እንጀራ አንድ ቤት ካደሩ አንዱ የሌላውን ድርሻ መውሰዱ አይቀርም።

ደብረ ብርሃን ያለችው ታላቅ እኅቴ ባሏን ከቀበረች ሦስት ዓመት ሆናት። ያኔ ጎረቤቱ ሁሉ እዝን ተሸክሞ መጣ። «አፈር ስሆን ቅመሺ!» ያላላት አልነበረም። ደግ አደረጉ፤ ሐዘንተኛ እህል እንዳስጠላው አይተውም። ለቀስተኛው ሲበተን ግን «ቅመሺ» የሚለው ነገር ከእሷ ጋር ቀረ። ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ባለች ከተማ የሌሊቱ ብርድ አጥንት ይሰብራል። «ወንድምዓለም፣ ሌሊት እነሳለሁ፤ ርቦኝ እኮ አይደለም። ቤቱ ጭር ሲልብኝ መሶቡን እከፍታለሁ» አለችኝ። ጾም አትገድፍም፤ ጾሙ ግን ከሥጋና ከቅቤ እንጂ ከዳቦና ከስኳር አይከለክልም። ዘመድ አዝማድ ሲያያት «ወፈር አልሽ፣ ተጽናናሽ ማለት ነው!» ይላታል። ሐኪም ቤት ስትሄድ የስኳር በሽታ ተገኘባት።

የወንዱ ስሙ ብቻ ነው የሚለየው። የአንኮበር ልጅ የሆነ ጓደኛዬ ያንን ዳገት በበሶና በቆሎ ሲወጣ ሲወርድ ያደገ ሰው ነው። ጡረታ ከወጣ ወዲህ ውሎው ቁርጥና ቢራ ፊት ሆነ። ቦርጩ ሲገፋ «ተመቸው» ተባለ እንጂ «ምን ከፋህ?» ያለው የለም። ወንድ ልጅ ይዝናናል እንጂ መቼ ይከፋዋል!

በ2008 ዓ.ም በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከሴቶቻችን 8፣ ከወንዶቻችን 3 በመቶው ከልክ ያለፈ ክብደት ነበራቸው፤ ከሲታው ግን ከዚያ በብዙ ይበልጥ ነበር። በዚህ አገር ስለ ውፍረት ማውራት ቅንጦት ቢመስል አይገርምም። የ77ን ድርቅ ያየ ትውልድም ውፍረትን በረከት ቢለው አይፈረድበትም። ነገር ግን ሐኪሞች እንደሚሉት ጭንቀት ሲሰነብት ኮርቲሶል የተባለው ሆርሞን ይበዛል፤ ሰውነትም ጣፋጭና ቅባት ይመኛል። እናም ሌሊት መሶብ የሚከፍተውን ሁሉ «ሆዳም» ብሎ መገላገል አይቻልም።

እዝኑ ይቆይልን፤ ደግ ባህል ነው። አርባው ካለፈ በኋላ ግን ባዶ እጅ ሄዶ አጠገብ መቀመጥም አለ። አሁን ማታ ማታ እኅቴ ዘንድ አንዲት ጎረቤት ትመጣለች። ምግብ አይቀርብም። ስለ ሟቹ ያወራሉ፤ ያለቅሳሉ፤ ይስቃሉም። ክብደቷ ገና አልቀነሰም። መሶቡ ተከድኖ የሚያድርበት ሌሊት ግን እየበዛ ነው።