ጣታችን ሰማያዊ የሆነበት ምክንያት

ወዳጆቻችን አንድ ጥያቄ ያበዙብናል። «ጣታችሁ ምን ሆኖ ነው?» ይላሉ። እጃችንን ከጨበጡ በኋላ የገዛ መዳፋቸውን ገልበጥ አድርገው የሚያዩም አሉ። አንዱማ «እናንተ፣ የት መርጣችሁ መጣችሁ?» ብሎ አስቆናል።

አልመረጥንም። የቀለም ብዕር ይዘን ነው። እስክሪብቶ አላልንም ልብ በሉ! አባቶቻችን «ፓርከር» የሚሉትን፣ ሆዱን ቀለም የሚሞሉትን፣ በኮት ኪስ ላይ ሲሰካ ባለቤቱ መምህር ወይም ሹም መሆኑን ከሩቅ የሚናገረውን ብዕር ማለታችን ነው።

እኛ ሁለት ነን። ጋዜጠኝነት ተምረን፣ ጥቁር ካባ ለብሰን፣ ከቤተሰብ ጋር ፎቶ ተነስተን የወጣን ሁለት ጓደኛሞች። ብዕሮቻችንም ሁለት ናቸው። አንደኛዋ ከመምህር አባት የተወረሰች ፓርከር ናት፤ ክዳኗ ላይ የጥርስ ምልክት አለባት፣ የተማሪ ፈተና ሲያርም ይነክሳት ነበር። ሁለተኛዋ አዲስ አበባ ውስጥ ከአንድ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር የገዛናት ቻይና ሠራሽ ሂሮ ናት። ሂሮዋ ከፓርከሯ ባልተናነሰ ታገለግለናለች፤ ይህን ግን ፓርከሯ ፊት አንናገርም።

ለማያውቃት አንባቢ አሠራሯን እንንገረው። የብዕሯ ጫፍ መሐል ለመሐል የተሰነጠቀ ብረት ነው። የኩራዝ ክር ላምባውን እንደሚስብ ሁሉ ያች ቀጭን ስንጥቅም ቀለሙን ስባ ወረቀቱ ላይ ታደርሰዋለች። በወጣው ቀለም ምትክ ደግሞ አየር ወደ ውስጥ ይገባል። አለቀ። ስለዚህ መጫን አያስፈልግም፤ ወረቀቱን ዳበስ ሲያደርጓት ትጽፋለች። እስክሪብቶ ግን ኳሷ እንድትሽከረከር መጫን ይፈልጋል፤ ረጅም ፈተና የተፈተነ ሁሉ የጣቱን ሕመም ያስታውሳል። እስክሪብቶን እንደዛሬው እንዲሆን አድርጎ የሠራው ላስሎ ቢሮ የሚባል የሃንጋሪ ሰው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1938 የፈጠራ መብቱን አስመዘገበ። ሰውየው ምን ነበር ቢሉ፣ ጋዜጠኛ! የብዕርን ገበያ የዘጋው የሙያ ባልደረባችን ነው ማለት ነው። ሲቸኩል እኮ ነው። ጋዜጠኛ መቼ ሳይቸኩል ያውቃል?

እኛም ስንማር የተማርነው ችኮላን ነው። ማን፣ ምን፣ መቼ፣ የት፣ ለምን፣ እንዴት፤ ከዚያ ወደ ሚቀጥለው። ብዕሮቹን ያነሳነው ማታ ማታ የራሳችንን ውሎ ለመጻፍ፣ ከጎኑም የዋልንበትን ለመሣል ነበር። የጀበናን አንገት፣ የታክሲ ረዳትን ትከሻ፣ ዝናብ ያስጠለለንን በረንዳ። ሥዕል አልተማርንም፤ ፍየላችን ውሻ፣ ውሻችን ወንበር ይመስላል። ግን የሚታጠበውን ሰማያዊ ቀለም ተጠቅሞ በሣሉት መስመር ላይ እርጥብ ጣት ሲያሳርፉበት ቀለሙ ይሟሟና ጥላ ይሆናል። ጣታችን ሰማያዊ የሆነው ከዚህ የተነሣ ነው። አንድ ምሽት ተራራ ሠርተን በጣታችን ጉም ስናለብሰው ሁለታችንም ዝም አልን። እንደዚያ የተደሰትንበትን ቀን አናስታውስም።

ነገሩ በደስታ ብቻ ቢያበቃ ኖሮ ይህን ጽሑፍ ባልጻፍን ነበር። አሊዩ አምባ ወርደን ነው ነገር የመጣው።

ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጎረቤላ ላይ ጋቢ ለብሶ የተሳፈረ ሰው ወደ ምሥራቅ ቁልቁል ሲወርድ ጋቢውን ጠቅልሎ ጭኑ ላይ ያደርጋል። ገብሱ ቀርቶ ማሽላው ይመጣል፤ ብርዱ ቀርቶ ሙቀቱ ይመጣል። ከሁለታችን የአንዳችን አክስት እዚያ ትኖራለች። ሄድን፣ አደርን፣ ጠዋት ከእሷ ጋር ገበያ ወጣን። አማራው፣ አርጎባው፣ አፋሩ በአንድ ሜዳ የሚገናኝበት ገበያ ነው። አንድ ጥግ ተቀምጠን ደብተራችንን ዘረጋን።

አንድ ገጽ ሳንጨርስ አንድ ሰውዬ መጡና ከላያችን ቆሙ። «ልጆች፣ ጻፍ ጻፍ የምታደርጉት ምንድን ነው? ለግብር ነው?» አሉ። አይደለም አልናቸው። «ታዲያ ለእርዳታ ነው?» አይደለም አልናቸው። «ለምንም ካልሆነ ሰው ለምን ይጻፋል?» አሉና ሄዱ።

መልስ አልነበረንም። እውነታቸውን ነው። በአገራችን ደብተር ይዞ ገበያ የሚገባ ሰው ወይ ሊያስከፍል ነው፣ ወይ ሊሰጥ ነው፣ ወይ ሊከስ ነው። ዝም ብሎ ሊያይ የመጣ አይታወቅም።

አሊዩ አምባ መጻፍ አዲሷ አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን የሸዋ ትልቅ የንግድ በር ነበረች። ከታጁራና ከሐረር የሚመጣው ሲራራ ነጋዴ ግመሉን የሚያራግፈው እዚያ ነበር፤ ከሸዋ በረሃውን አቋርጦ ወደ ባሕሩ በሚወርደው ንግድ ውስጥ የሰው ልጅም እንደ ዕቃ ይሸጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1841 የእንግሊዝ መንግሥት መልእክተኛ ሜጀር ሃሪስ ወደ ሸዋ ሲመጣ ዮሐን ማርቲን በርናትስ የተባለ ጀርመናዊ ሠዓሊ ይዞ ነበር። በርናትስ ያየውን ሣለ፤ ሥዕሎቹም በ1852 በመጽሐፍ ታተሙለት። በ1842 ደግሞ ቻርልስ ጆንስተን የሚባል እንግሊዛዊ ሐኪም አሊዩ አምባ ውስጥ ቤት ይዞ ተቀመጠ፤ ማስታወሻውንም በ1844 በሁለት ቅጽ አሳተመው። እነዚህ ሰዎች በጊዜው ፓርከር አልነበራቸውም፤ እየነከሩ በሚጽፉበት ብዕር ነው ይህን ሁሉ ያደረጉት። ምስጋና ይገባቸዋል። እነሱ ባይጽፉ ብዙ ነገር ባላወቅን ነበር።

ግን አንድ ነገር እንጠይቅ። በርናትስ ሲሥል ተቀምጣ የነበረችው የጨው ሻጭ ስለ በርናትስ ምን አለች? ጆንስተን የቤቱን ምግብ ሲመዘግብ ምግቡን የሠራችው ሴት ስለ ጆንስተን ምን አለች? ተሸጦ ወደ ባሕሩ የተነዳው ልጅስ? እኛ እጅ የገባ ጽሑፍ የላቸውም። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለውን ተረት ልጅ ሆነን ስንሰማው ለጥናት የሚያበረታን ይመስለን ነበር። አሊዩ አምባ ገበያ ላይ ስንቀመጥ ግን ሌላ ነገር ሆኖ ተሰማን።

ወደ ገበያችን እንመለስ። ከፊት ለፊታችን አንዲት እናት ማሽላ ይሸጣሉ። እየጻፍን እየሣልናቸው መሆኑን አውቀዋል። በመጨረሻ በእጃቸው ጠሩን። አክስታችን ታውቃቸው ኖሮ ሳቀችና «ሂዱ፣ አይበሏችሁም» አለችን።

«ልጆቼ፣ ፊቴን አትሣሉት፤ ቁናውን ሣሉት» አሉን። እሺ አልን። «የጻፋችሁትን ደግሞ አንብቡልኝ።»

እዚህ ላይ ላባችን መጣ። የጻፍነው እንዲህ ይላል፤ «አንዲት ድሃ እናት ከሙቀቱ ጋር እየታገሉ ማሽላ ይሸጣሉ።» አነበብነው። ዝም ብለው ሰሙን።

«ድሃ ያላችሁ ማን ነው?» አሉ። ቁጣ የለበትም፤ የዋጋ ጥያቄ ነው የሚመስለው። «ሁለት በሬ አለኝ። ማሽላውን የምሸጠው ደብረ ብርሃን ለምትማረው ልጄ የቤት ኪራይ ልልክላት ነው። ሙቀቱን ደግሞ እናንተ ናችሁ የምትታገሉት፤ እኔ እዚሁ ተወልጄ!»

ሦስት ዓመት የተማርነው ሙያ በአንድ ቁና ማሽላ ፊት ተፈተነና ወደቀ። ድሃ መሆናቸውን ማን ነገረን? ማንም። ገበያ፣ ገጠር፣ እናት፣ ፀሐይ፤ እነዚህ አራቱ ሲገናኙ «ድሃ» የሚለው ቃል በራሱ እየመጣ ይጻፋል። እንግዲህ ጆንስተንን ለመውቀስ ምን አፍ አለን?

ስልክ ላይ ብንጽፈው ኖሮ ቃሉን አጥፍተን እንደ ምንም እናልፍ ነበር። ቀለም ግን አይጠፋም። «ድሃ» የሚለው ላይ አንድ መስመር ሰርዘን ከላዩ የነገሩንን ጻፍን፤ ስለ በሬዎቹ፣ ስለ ልጃቸው ኪራይ። መልሰን አነበብንላቸው። «አሁን እኔ ነኝ» አሉ። ቁናውንም ሣልነው። ልብ ብለው አይተው «ጠመመ» አሉን። እውነት ነው፣ ጠሟል።

ከዚያ በኋላ ምን እንደሆነ አናውቅም፣ ሰው ከበበን። ልጆቹ ግመል ሣሉልን አሉ። አንድ አዛውንት ብዕራችንን ተቀብለው ጫፏን በጥፍራቸው ነካ አደረጉና «ቀለም» አሉ። ቀለሙ ውስጥ ነው ያለው ብለን ልናስረዳቸው ስንል ሳቁብን። ልጅ ሆነው ቁርአን የተማሩት በጥላሸት በተሠራ ቀለምና በሸምበቆ ብዕር፣ በእንጨት ሉህ ላይ እየጻፉ ነው፤ በዐረብኛ ብዕሩ ራሱ «ቀለም» ይባላል አሉን። ከላይ አንኮበር ደብር ያለው የቆሎ ተማሪም መቃ ቀርጾ፣ ጥላሸት በጥብጦ የሚጽፍ ነበር። በግዕዝም «ብዕር» ማለት መጀመሪያ ያው ሸምበቆው ነው። እኛ ብዕርን የፈረንጅ ዕቃ አድርገን፣ የመምህር አባት ቅርስ አድርገን ይዘን መጥተን አዛውንቱ እጅ ላይ ስናያት የአገር ልጅ ሆነች። (በነገራችን ላይ የጥላሸት ቀለም ለመቃ እንጂ ለፓርከር አይሆንም፤ ስንጥቋን ይደፍናታል። ሞክረን አይደለም የምንነግራችሁ… እሺ፣ ሞክረን ነው።)

ሌላም ትምህርት አለ። ሽቅብ ወደ አንኮበር ስንመለስ ፓርከሯ ግማሽ ሆዷ ባዶ ነበር። ከፍታ ሲጨምር የውጪው አየር ይሳሳል፤ በብዕሯ ሆድ ያለው አየር ደግሞ ይሰፋና ቀለሙን ገፍቶ ያወጣዋል። ጎረቤላ ስንደርስ ነጠላችን ላይ እንደ ሳንቲም የከበበ ሰማያዊ ነገር አገኘን። ስለዚህ አቀበት የምትወጡ ብዕርተኞች፣ ወይ ሙሉ ሙሏት ወይ ባዶ አድርጓት፤ ጫፏንም ወደ ላይ አድርጋችሁ ያዟት። ነጠላዋን አጠብናት፤ አለቀቀም።

አንኮበር ስንቆይ የዓለም ሎሬት አፈወርቅ ተክሌን አነሣን። በ1925 ዓ.ም. እዚያው አንኮበር ተወልዶ፣ በኋላ ማዕድን ምሕንድስና ሊማር እንግሊዝ ተልኮ ሠዓሊ ሆኖ የተመለሰ ሰው ነው። እኛ አፈወርቅ አንሆንም። ማንም አልጠየቀንም ደግሞ። ግን ከአንኮበር ቁልቁል ያለው አገር በሰው እጅ ብቻ እንዳልተሣለ የእሱ ስም ይመሰክራል። የጋዜጣችንም ታሪክ ቢሆን እኮ የሚጀምረው በእጅ ነው። የመጀመሪያው የአማርኛ ሳምንታዊ ጋዜጣ «አእምሮ» በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ሲጀመር በእጅ እየተጻፈ በ24 ቅጂ ብቻ ይሰራጭ ነበር። ሃያ አራት! እኛ ገበያ ላይ ከዚያ በላይ አንባቢ ነበረን።

ልትጀምሩ ካሰባችሁ ነገሩ ቀላል ነው። ውድ ብዕር አትፈልጉ። ተራ ባለ 50 ሉክ ደብተር ላይ ቀለሙ እንደ ሸረሪት እግር ይበተናል፤ የፎቶ ኮፒ ወረቀት ለሁለት አጥፋችሁ በመርፌና በክር ስፉት፣ ይሻላል። ብዕሯን በየጊዜው በንጹሕ ውኃ እጠቡ። በቀን አንድ ነገር ጻፉ፣ አንድ ነገር ሣሉ። ሰው ከጻፋችሁ ደግሞ፣ ከተቻለ፣ አንብቡለት።

ለእኚያ «ለምንም ካልሆነ ሰው ለምን ይጻፋል?» ላሉን አባት ዛሬም የተሟላ መልስ የለንም። ያን ቀን ግን ከገበያ ስንወጣ ደግመን አገኘናቸው። ሥዕሉን አሳየናቸው። ቁናውን አይተው «ይሄ የማን እንደሆነ አወቅሁት» አሉን። ጠማማ ቢሆንም።

እስከዚያው ጣታችንን ይቅር በሉን። ስንጨብጣችሁ አይለቅም፤ ደርቋል።