ሳይገለጥ የሚቆይ ኅብረ ቀለም

ዛሬ ጧት፣ እዚህ ቨርጂኒያ ባለው ቤታችን፣ ልጄ የምታሳድጋት፣ ጀርቢል የተባለች አይጥ መሰል እንስሳ የወለደቻቸውን ግልገሎች ጎንበስ ብለን ስንመለከት፣ «እማዬ፣ የትኛዋ ናት ጥቁር የምትሆነው?» ስትል ጠየቀችኝ።

ፈረንሳዊው ካህንና የተፈጥሮ ተመራማሪ አርማን ዳቪድ በ1866 እ.ኤ.አ. ከሰሜን ቻይና ወደ ፓሪስ ቤተ መዘክር የላካት ይህች የምድረ በዳ ፍጥረት፣ ስትወለድ ጠጉር አልባና ዓይነ ስውር ስለሆነች፣ መልኳ ወዲያው አይታወቅም።

ይሁን እንጂ በትዕግሥት ለሚመለከት ምልክት አይታጣም፤ በተከደነው የዓይኗ ቆብ ሥር ጥላ ከታየ ዓይኗ ጥቁር፣ ካልታየ ቀይ እንደሚሆን ይገመታል፤ ከሳምንት ገደማ በኋላም ጠጉሯ ብቅ ሲል፣ ጀርባዋ ወርቅማ ቡናማ፣ ሆዷ ነጭ ከሆነ የዱር ዘመዶቿን መልክ ወርሳለች ማለት ነው።

የእንዲህ ያለችቱን አንዲት ጠጉር ለይቶ ያየ ሰው፣ ሥሯ ግራጫ፣ መካከሏ ወርቅማ፣ ጫፏ ጥቁር ሆኖ ሲያገኛት፣ የፈጣሪን ረቂቅ ጥበብ ከማድነቅ በቀር ምን ይላል?

የሲያም ድመት መልክ ያላቸው ጀርቢሎች ደግሞ፣ ቀለም የሚሠራው ኢንዛይም ቀዝቀዝ ባለው የአካል ክፍል ላይ ስለሚበረታ፣ የጅራታቸው ጥቁረት የሚጎላው እያደጉ ሲሄዱ ነው።

ስለዚህ ለልጄ «እንጠብቅ» አልኋት፤ ገና በማደግ ላይ ያለውን ሁሉ፣ እንስሳም ሆነ ሰው፣ መልኩን አስቀድሞ ከመወሰን መታገሥ ታላቅ ትምህርት ነውና።

ወዳጆቼ፣ እንደ ጀርቢሎቹ ሁሉ መልኩ ቆይቶ የሚገለጥ፣ ጠቆር ብሎ ተወልዶ በዕድሜው ብዛት አምባላይ የሆነ ፈረስ ያሳደጋችሁ አላችሁን? እስቲ ንገሩን።